ደግ ሰዎች ያነሱት ድንጋይ

ሰውየው አልሞቱም። ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የምናገረው፣ የሚያነበኝ ሰው እኔ ያን ቀን እንደተጨነቅኩት እንዳይጨነቅ ብዬ ነው። እግራቸው ተሰበረ እንጂ ነፍሳቸው አልወጣችም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የኔ ጣጣ ነው። ጥፋተኛ ነሽ ወይስ አይደለሽም የሚል ጣጣ።

ሱሉልታ ላይ የከብት መኖ እሸጣለሁ። ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ ሲገኝ ደግሞ የታሰረ ድርቆሽ። ለገጠር ደንበኞቼ የማደርሰው በራሴ ፒካፕ ነው፤ የምነዳውም ራሴ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ነገር በሰፈራችን እንደ ትርኢት ይታይ ነበር። መኪና ላቆም ስል ሥራ የፈታ ወንድ ሁሉ መጥቶ ይቆምና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ወደ ግራ! ስበሪው! ቀስ!" እያለ ይመራኛል። አንዱን፣ "ወንድሜ፣ ለመሆኑ መንጃ ፈቃድ አለህ?" ብዬ ብጠይቀው የለውም። ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ረጋ ያለ ሰው፣ መሪ መያዝ የሚፈራ። ጎኔ ሲቀመጥ ፍሬን ያለ ይመስል እግሩን ወለሉ ላይ ይጫናል። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ። አይደለሽም የሚለኝ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ስለ ድንጋዩ ልናገር። በኛ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሲበላሽ ሹፌሩና ረዳቱ ወርደው ከዳር ድንጋይ ይለቅማሉ። ከመኪናው ኋላ አስፋልቱ ላይ ይደረድሩታል፤ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ካገኙም ይጨምሩበታል። ያየ ሁሉ ይገባዋል፤ ከፊት የቆመ መኪና አለ፣ ቀስ በል ማለት ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራው ባለ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ምልክት በየመኪናው ውስጥ አለ። ግን ላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ ከወንበር ሥር ይተኛና የቦሎ ምርመራ ሲደርስ ብቻ ብቅ ይላል። ምልክቱን ሰው ይሰርቀዋል፣ ድንጋይ ግን አይሰረቅም ይላሉ ሹፌሮቹ። እስከዚህ ድረስ ምንም አልልም። ጉዱ መኪናው ከተጠገነ በኋላ ነው። ሹፌሩ ደስ ብሎት ሞተሩን ያስነሳና ውልቅ ይላል፤ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። የደረደረው ሰው ረስቶታል፣ ያልደረደረው ደግሞ እኔ ምን አገባኝ ብሎ ያልፈዋል። በዚህ አገር የሚያናድደኝ ነገር ብዙ ነው፤ ይሄኛው ግን ይብስብኛል።

ክረምት ነበር፣ ጠዋት። ፉርሽካ ጭኜ ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ እሄዳለሁ። ያን መንገድ በክረምት የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ ጭጋጉ ሜዳው ላይ ይተኛና ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱ የሚታየው አጠገብህ ሲደርስ ነው። መብራቴን አብርቻለሁ። አልፈጠንኩም፤ ወይም እንዳልፈጠንኩ አምናለሁ። አንዷን ኩርባ ታጥፌ ቀና እንዳልኩ በኔ መስመር ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። የቆመ መኪና የለም፣ ሰው የለም፣ ድንጋይ ብቻ። ከፊቴ አውቶቡስ እየመጣ ስለሆነ ወደ ግራ አይታሰብም። ፍሬን ያዝኩና መሪውን ወደ ቀኝ ሰበርኩት። በአስፋልቱ ጠርዝ ጃንጥላ ይዘው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። እኔ ያየሁት ጃንጥላውን ነው፤ ጥቁሩ ጃንጥላ ወደ ላይ ሲነሳ። ከዚያ ድምፁን ሰማሁ።

ወርጄ ስሮጥ አንዱ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ሰውየው ቦይ ውስጥ በጎናቸው ወድቀዋል። ዕድሜያቸው የአባቴን የሚያህል፣ ፊታቸው በጭቃ የተለወሰ። "አባቴ! በእመቤቴ ይናገሩ!" እያልኩ እጮኻለሁ። ዐይናቸውን ገለጡና "እግሬ" አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። እንደዚያች ቃል ደስ ያሰኘኝ ቃል በሕይወቴ አልሰማሁም፤ የሚናገር ሰው በሕይወት አለ ማለት ነው።

ሰው ከየት እንደመጣ እንጃ። ባዶ የነበረው ሜዳ ወዲያው ሞላ። አንዲት እናት ራሳቸውን ይዘው ይጮኻሉ። አንድ ጎልማሳ ፊቴ መጥቶ፣ "ሴትዮ፣ ታይቶሽ ነው የምትነጂው?" ይለኛል። ሌላው ደግሞ በጆሮዬ፣ "ነገር ሳይመጣ መኪናሽን አስነሺና ፖሊስ ጣቢያ ግቢ" ይላል። ፈርቼ ነበር፣ እንዴት አልፈራ! ግን እሳቸውን ቦይ ውስጥ ትቼ መሄድ አልሆነልኝም። ሰዎቹም የተቆጡኝን ያህል ረዱኝ። ፉርሽካውን አውርደው ቦታ አበጁ፣ አንዱ ጋቢውን አነጠፈ፣ ሰውየውን ተጋግዘው ጫኑልኝ። ከሰዎቹም ሁለቱ መኪናው ላይ አብረው ወጡ። እኔ በአንድ ጫማ ወደ ሱሉልታ ሐኪም ቤት ነዳሁ። እዚያ የቀሩት ደግሞ፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ አንድ ደግ ሥራ ጨመሩ። ሌላ ሰው እንዳይጎዳ ብለው ድንጋዩን ከአስፋልቱ ላይ እያነሱ ቦይ ውስጥ ጣሉት።

ሐኪሞቹ ሰውየውን ከተቀበሉልኝ በኋላ ራሴ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ሰው መግጨቴንና የድንጋዩን ነገር ተናገርኩ። ሳጅኑ ወጣት ነው፣ ጨዋ። "ቦታውን አሳዪኝ" አለኝና አብረን ሄድን። ሜትሩን ዘርግቶ የጎማዬን ጭረት ለካ፣ የአደጋውን ፕላን አነሳ። አስፋልቱ ንጹሕ ነው። አንዲት ጠጠር እንኳ የለችበትም።

"ድንጋዩስ?" አለኝ።

"እዚህ ነበር።"

"እዚህ የት?"

ቦዩን አየሁት። ቦዩ ድሮም ድንጋይ የሞላበት ነው፤ ከአስፋልት የመጣው የትኛው እንደሆነ ማን ይለየዋል? ሰዎቹ ተበትነዋል። እዚያው ዳር በቆሎ የሚጠብሱ ሴት አገኘንና ብንጠይቃቸው፣ "ልጄ፣ እኔ አሁን ነው የመጣሁት" አሉን። ሳጅኑ በትዕግሥት፣ "እህቴ፣ ሰው የገጨ ሹፌር ሁሉ ወይ ድንጋይ ነበር ይለኛል፣ ወይ ውሻ ገባብኝ ይለኛል፣ ወይ ፍሬን እምቢ አለኝ ይለኛል" አለ። ጮህኩበት። ምን ምን እንዳልኩት አሁን ብደግመው ጥሩ አይደለም። እሱ ፕላኑን እየሳለ ስለነበር ቀና ብሎም አላየኝ።

ባለቤቴ ዋስ ሆኖ ከጣቢያ አስወጣኝ። መንጃ ፈቃዴ ተያዘ። "በቸልተኝነት በሰው አካል ላይ ጉዳት ማድረስ" ተብሎ መዝገብ ተከፈተብኝ። ክሱ ከተመሠረተ ልታሰር እችላለሁ፤ ባልታሰር እንኳ ጥፋተኛ ተብዬ ከመሪ ልለይ ነው። ደንበኞቼ ሊበተኑ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ያንገበገበኝ ያ ቃል ነበር። ቸልተኝነት! ማታ መብራት ጠፍቶ እንደሆነ ሦስቴ ተነስቼ የማረጋግጥ ሴትዮ ቸልተኛ ልባል!

ባለቤቴ፣ "ሽማግሌ ይላክ" አለ። በኛ አካባቢ ልማዱ እንዲህ ነው። ሰው የጎዳ ሰው፣ አጠፋም አላጠፋም፣ ሽማግሌ ይዞ ተጎጂው ደጃፍ ይቆማል፤ "አጥፍተናል፣ ይቅር በሉን" ይባላል። ማን ነው ጥፋተኛው የሚለው የፖሊስ ሥራ ነው። ደጅ የቆመው ሰው ራሱን ዝቅ ማድረጉን ነው የሚያዩት። የኢንሹራንሱ ሠራተኛ ደግሞ በስልክ፣ "እንዳትሳሳቺ፣ ለማንም አጥፍቻለሁ እንዳትዪ" ብሎኛል። እኔ እምቢ ያልኩት ለኢንሹራንሱ ብዬ አልነበረም። ሳላጠፋ አጠፋሁ የምለው ለምንድነው?

"የሚናገሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው" አለኝ ባለቤቴ። "አንቺ አፍሽን ዘግተሽ መቆም ብቻ ነው።"

"አፌን?"

"ለጥቂት ጊዜ። እኔ ስሞትልሽ።"

ምን ነክቶት ነው? ያገባኝ ትናንት ነው እንዴ?

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ ጎረቤታችን ናቸው፤ የጫንጮን መንገድ ሰው ከነዘመድ አዝማዱ የሚያውቁ፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል የሚያሳምሩ አዛውንት። ሁለተኛው የባለቤቴ አጎት፣ ሰበታ የሚኖሩ ጡረተኛ ዳኛ። እሳቸው ታክሲ እየቀያየሩ፣ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ደርሶ መጡ። "አንዱ በቡራዩ በኩል ይቀርብዎታል ብሎኝ አገር ለአገር ሲያዞረኝ ዋለ" አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ።

ሰውየው እግራቸው በጀሶ ታስሮ ቤታቸው ገብተው ነበር። ደጃፋቸው ቆምን። ዝናቡ ያካፋል። ጎረቤታችን "አከም ቡልተን?" ብለው ሰላምታውን ከፈቱ። ከውስጥ መልስ የለም። ይሄም ልማድ ነው፤ የተጎዳ ሰው ቤት ቶሎ አይከፈትም። ባለቤቴ ጃንጥላውን ለኔ ይዞ እሱ ይረጥባል። ከቆይታ በኋላ ሚስታቸው ብቅ አሉና ሳያዩን "ግቡ" አሉ።

ሰውየው መደብ ላይ ተደግፈው፣ የታሰረ እግራቸውን ብርድ ልብስ ላይ አሳርፈዋል። የሚስታቸው ወንድም በሩ አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ጎረቤታችን ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ።

"ኦቦ፣ እንግዲህ የመጣነው ልጃችን አጥፍታ ነው። ዐይኗ እያየ መንገድ ስታ፣ አንተን የመሰለ ሰው ጎድታ..."

"አላጠፋሁም!"

ከአፌ ወጣ። በእውነት ልናገር አላሰብኩም ነበር። ጎረቤታችን ቃላቸውን አንጠልጥለው ቀሩ። ባለቤቴ ዐይኑን ጨፈነ።

"ስሙልኝ!" አሉ ሚስታቸው። "ሰው ሰብራ፣ ቤቴ ድረስ መጥታ፣ አላጠፋሁም ትበለኝ!"

"ጨል ጄዲ" አሏቸው ሰውየው፤ ዝም በይ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "እና ማነው ያጠፋው?"

"አባቴ፣ ድንጋይ ነበር። መኪናው ተሠርቶ ሄዶ ድንጋዩን ትተውት ነበር። ከፊቴ አውቶቡስ መጣ፣ የት ልግባ? እርስዎን ልገጭ ወጥቼ ነው? ሰዎቹ ደግሞ ደግ ሠራን ብለው አንስተውት መሆን አለበት፣ አሁን ማን ይመስክርልኝ?" እያልኩ ማልቀስ ጀመርኩ። ያለቀስኩት በንዴት ነው፤ ግን እንባ እንባ ነው፣ ማን ይለየዋል።

በሩ አጠገብ ያለው የሚስታቸው ወንድም ያን ጊዜ ነው የተናገረው። "ድንጋይ የሚባል አልነበረም። ፖሊስም አላየም። ድንጋይ ነበር ከተባለ ኢንሹራንሱ ጥፋቱ የባለ ድንጋዩ ነው፣ እኔን አያገባኝም ይላል። ባለ ድንጋዩን ከየት እናመጣዋለን? የሱን እግር ማን ያሳክምልናል?"

ገባኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። የፈራው ዘመዱ ያለ ሕክምና እንዳይቀር ነው። ጡረተኛው ዳኛ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀና አሉ።

"ልጄ፣ ሁለት ነገር ነው ያደባለቅከው" አሉት። "መኪና ሰው ከጎዳ ባለመኪናው ጥፋት ባይኖርበትም ጉዳቱን ይክሳል። ሕጉ እንደዚያ ነው፣ ስንቱን ፈርጄበታለሁ። የሱ ሕክምና በዚያ በኩል ይመጣል፤ ድንጋይ ኖረ አልኖረ አይቀርበትም። አጥፍታለች ወይ የሚባለው ደግሞ ለብቻው ነው። እሱ የሚያስፈልገው እሷን ለመቅጣት ነው።"

ሰውየው ጣልቃ ገቡ። "ድንጋይ ነበር ቢባልም ሕክምናዬ አይቀርም?"

"አይቀርም።"

"እውነት?"

"በዚህ ጭቃ ከሰበታ ድረስ የመጣሁት ልዋሽህ አይደለም።"

ሰውየው የታሰረ እግራቸውን እያዩ ብዙ ቆዩ። ነበር ይሉ ይሆን፣ አልነበረም ይሉ ይሆን እያልኩ ከንፈራቸውን አያለሁ። በመጨረሻ፣ "እሺ፣ ሰምተናል። በሰላም ግቡ" አሉ። ከዚያ ወዲያ እኔን ቀና ብለው አላዩኝም። ይቅርታውንም አልሰጡን፣ አልከለከሉንም።

ስንመለስ ባለቤቴ ከፊት ከፊታችን ይራመዳል፤ እሱ ሲቆጣ እንዲህ ነው። አጎቱ ግን መንገድ ላይ ሳቃቸው መጣ። "ስንት ተከሳሽ አይቻለሁ" አሉ። "ሽማግሌ ይዞ ሄዶ ከገዛ ሽማግሌው ጋር የሚሟገት ግን አላጋጠመኝም።" እኔም ሳላስበው ሳቅኩ። ጎረቤታችን ግን ለሳምንት ያህል ሰላምታዬን የሚመልሱልኝ በግማሽ ነበር።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ፒካፑን የሚነዳ ሰው ቀጠርኩ። ጎበዝ ሹፌር ነኝ ብሎ ለራሱ የሚመሰክር ሰው ነው፤ ኩርባ ላይ ስልክ ያነሳል። ጎኑ ተቀምጬ ስሄድ እኔም ወለሉን በእግሬ ስጫን ራሴን ያዝኩት። በየመንገዱ የቀረ ድንጋይ ባየሁ ቁጥር "አቁም!" እልና ወርጄ አነሳለሁ። ሹፌሩ፣ "እመቤት፣ ፉርሽካ ነው የምናደርሰው ወይስ መንገድ ነው የምንጠርገው?" ይለኛል። ባለቤቴ ሰውየውን ሊጠይቅ ይመላለስ ነበር። እኔ አልሄድኩም። እንደገና ደጃቸው ብቆም ምን እንደሚወጣኝ ራሴንም አላመንኩትም። ማታ ስተኛ ድንጋዩ ይታየኛል፤ እውነት ነበር ወይስ ከድንጋጤ የተነሳ እኔ የፈጠርኩት ነው እስከማለት ደረስኩ። ማንም ካላየው ነገር ጋር ብቻዬን መቅረት እንዲህ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ሳጅኑ ደወለና፣ "ዓቃቤ ሕጓ ትፈልግሻለች" አለኝ። ባለቤቴን ይዤ ሄድኩ። ወጣት ሴት ናት ዓቃቤ ሕጓ፤ መነጽሯን ወደ ግንባሯ አንስታ አየችኝ።

"ተጎጂው በባጃጅ ተጭነው፣ በክራንች እየተደገፉ መጥተው ቃላቸውን ሰጥተዋል" አለችኝ። "ድንጋዩን በዐይኔ አይቻለሁ ብለዋል። ድንጋዩን ያነሱትንም ሁለት የሰፈራቸውን ሰዎች ስማቸውን ጠርተውልናል። አስመጥተን ጠየቅናቸው።"

"ምን አሉ?"

ሳቋን መያዝ አቃታት። "አዎ፣ እኛ ነን ያነሳነው፣ ምን አጠፋን? አሉ። ልንከሳቸው የጠራናቸው መስሏቸው በጣም ተቆጥተዋል።"

ክስ እንደማትመሠርት ነገረችኝ። መዝገቡ ተዘግቷል፣ መንጃ ፈቃዴን ከትራፊክ ልወስድ እችላለሁ። ተገላገልኩ! ወጥቼ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ መሐረቡን አወጣ፤ ላብም እንባም አብሮ ጠረገ። እኔ ግን ራበኝ። ስንት ጊዜ ምግብ በወጉ ሳልቀምስ እንደከረምኩ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። አጠገባችን ካለው ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ አዘዝን፣ እኔ የሱንም ጨምሬ በላሁት። ሳቀብኝ። ያን ሰሞን ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

"አሁን ወደ ሰውየው ቤት" አልኩት።

"ሽማግሌዎቹን ልጥራ?"

"አያስፈልግም።"

መንጃ ፈቃዴን ከትራፊክ ተቀብዬ ራሴ ነዳሁ። ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሰውየው ደጃቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘርግተዋል። እመሰክራለሁ፣ የሄድኩት ላመሰግናቸው ነው፤ መንገዱን ሙሉ የማመሰግንበትን ቃል ሳዘጋጅ ነበር። እዚያ ደርሼ ያን የከሳ እግር ሳየው ግን ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ያዝኩ።

"አባቴ፣ አሳምሜዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

ማንም አላዘዘኝም። ጥፋተኛ ነሽ የሚለኝ ሰው አልነበረም፤ ለዚህ መሰለኝ ቃሉ ያለ ትግል የወጣው። እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ።

"ተነሺ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ያን ድንጋይ ከማንም በፊት ያየሁት እኔ ነኝ። አጠገቡ ደርሼ ላንሳው ብዬ ነበር። ዝናቡ ሲብስ፣ ሌላ ሰው ያነሳዋል ብዬ አለፍኩት። ትንሽ እንደሄድኩ አንቺ መጣሽ። ያን ቀን ቤቴ መጥተሽ አላጠፋሁም ስትዪ ዝም ያልኩሽ ለዚህ ነው። ማን አጠፋ ብዬ የጠየቅኩሽ መልሱን እያወቅኩ ነው። አንቺም ይቅር በይኝ።"

ያን ሁሉ ጊዜ ተከሳሽ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን እዚያ መደብ ላይ፣ እግራቸው ተሰብሮ፣ ከዚሁ ጥያቄ ጋር ተኝተው ከርመዋል።

"ይቅር ብያለሁ፣ አባቴ" አልኳቸው፤ እጃቸውንም ሳምኩ።